የሚስማማው መድኃኒት፦ ስለ ልጆች የማይኮፕላዝማ ሕመም የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ እጅግ ደቃቅ ጀርምና ስለ መድኃኒቶቹ ነው። ጀርሙ ማይኮፕላዝማ ኒሞኒያ ይባላል። ልጆቻችንን፣ በተለይም ትምህርት ቤት የገቡትን፣ ለሳንባ ምች ከሚዳርጉት ተሕዋስያን አንዱ ነው። ፔኒሲሊን የቱንም ያህል ቢሰጥ አይገድለውም። አሞክሲሲሊን አይነካውም። በየክሊኒኩ “እሱ ከተወጋ ይድናል” የሚባልለት ሴፍትሪያክሶን እንኳ ልጁን በመርፌ ከማሳመም አልፎ በዚህ ጀርም ላይ የሚፈይደው ነገር የለም። በሌላ በኩል ርካሽ የሆነ አንድ የቆየ መድኃኒት የጀርሙን ሥራ ሊያቆም ይችላል።

ስለዚህ ለልጅ መድኃኒት ሲመረጥ “የትኛው ይበረታል?” የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ሊጠየቅ የሚገባው “የትኛው ለዚህ ሕመም ይሆናል?” ነው። ይህን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ ማወቅ አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልጁ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲታይ ነው። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ይኸው ነው፤ የክትትል ቀጠሮ የሕክምናው አካል ነው።

በመጀመሪያ ከጀርሙ ጋር እንተዋወቅ። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በዙሪያቸው ጠንካራ ግድግዳ አላቸው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚሠሩት ባክቴሪያው ይህን ግድግዳ እንዳይገነባ በማድረግ ነው፤ ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው ይፈነዳል። ማይኮፕላዝማ ግን ከተፈጥሮው ግድግዳ የለውም፤ በስስ ሽፋን ብቻ ተጠቅልሎ ይኖራል። ለእሱ ፔኒሲሊን ማዘዝ አጥር ወደሌለው ግቢ አጥር ማፍረሻ ተሸክሞ እንደመሄድ ነው። መጠኑን እጥፍ ማድረግ፣ ከሽሮፕ ወደ መርፌ መቀየርም ነገሩን አይለውጠውም።

ይህ የጀርሙ ተፈጥሮ ተመራማሪዎችንም ለዓመታት አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሐኪሞች ከተለመደው የተለየ፣ ሰልፋ በተባለው የዘመኑ መድኃኒት የማይሻል የሳንባ ምች ያስተውሉ ነበር። በ1944 ሞንሮ ኢተን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሕመሙን መንስኤ ከሕመምተኞች አክታ አገኙት። ባክቴሪያን የሚያስቀር ማጣሪያ ሲያልፍ ስላዩት ቫይረስ ነው ብለው ደመደሙ። ለብዙ ዓመታትም “የኢተን ቫይረስ” ተብሎ ቆየ። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የማሪን ምልምል ወታደሮች ላይ ሙከራ ሲደረግ የቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ መድኃኒት የወሰዱት ቶሎ አገገሙ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ታዲያ ይህ ምን ዓይነት “ቫይረስ” ነው? ጥያቄው ብዙ አልቆየም። በ1962 ሮበርት ቻኖክ፣ ሌናርድ ሄይፍሊክና ማይክል ባሪሌ ጀርሙን ሕያው ሕዋስ በሌለበት የላቦራቶሪ ምግብ ላይ አበቀሉት። ግድግዳ አልባ ባክቴሪያ መሆኑ ያኔ ተረጋገጠ። ማንነቱን ለማወቅ ፍንጭ ከሰጡት ነገሮች አንዱ መድኃኒቱ ነበር ማለት ነው።

ሕመሙ በልጅ ላይ ምን ይመስላል? አንድ የዘጠኝ ዓመት ተማሪ እናስብ። ሕመሙ በአንድ ሌሊት አይጥለውም። ጉሮሮውን ይከረክረዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ትኩሳት ይኖረዋል፤ ከዚያ ደረቅ ሳል ይጀምረዋል። ሳሉ ሌሊት ይብሳል፤ ለሳምንታትም ሊቆይ ይችላል። ልጁ ግን ይራመዳል፣ ይጫወታል፣ አንዳንዴ ትምህርት ቤትም ይሄዳል። ሐኪሙ ደረቱን ሲያዳምጥ ብዙ ነገር ላይሰማ ይችላል፤ ራጅ ሲነሣ ግን ከተጠበቀው የሰፋ ጥላ ይታያል። ጀርሙ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ስለሚወስድ በአንድ ቤት ውስጥ ታላቅ ሲያገግም ታናሽ ይጀምረዋል፤ ታናሽ ሲሻለው እናት ትስላለች። ይህ የወረፋ አካሄድ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነውና ሲጠይቃችሁ አትርሱት።

በሽታው በየጥቂት ዓመቱ በማዕበል ይመጣል። ከኮቪድ ጊዜ ጥንቃቄ በኋላ ለረዥም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ በ2023 መኸር በቻይና፣ በዴንማርክና በሌሎች አገሮች በድንገት ተነሣ። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ በዛ፤ እዚያ የጤና ባለሥልጣናትን ያስገረማቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይም በብዛት መታየቱ ነበር። 

አብዛኛው ልጅ በራሱ ይድናል። ይህን ስል መድኃኒቱን ለማቃለል አይደለም። ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም በልጆች የማይኮፕላዝማ ሕመም ላይ አንቲባዮቲክ ምን ያህል እንደሚጠቅም መርምሮ ቁርጥ ያለ ድምዳሜ ላይ የሚያደርስ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ቀለል ያለ ሳል ላለውና ለሚጫወት ልጅ ሐኪሙ “እንጠብቅ” ቢል ሥራውን አልዘነጋም። ጥቂት ልጆች ግን ይከፋባቸዋል። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ አስም ያለባቸው ይነሣባቸዋል። አልፎ አልፎም ከንፈርን፣ አፍንና ዓይንን የሚያቆስል ከባድ የቆዳ ሕመም፣ የደም ሕዋሳት መፍረስ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የአንጎል መቆጣት ይከተላል። መድኃኒቱ በዋናነት የሚያስፈልገው ለእነዚህና የሳንባ ምቹ ለጠናባቸው ልጆች ነው።

ወደ መድኃኒቶቹ እንምጣ። ግድግዳ ለሌለው ጀርም የሚሆኑት የውስጥ ሥራውን የሚያቋርጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ እነሱም በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ማክሮላይድ ይባላል። ጀርሙ ፕሮቲን የሚሠራበትን ሪቦዞም ይዞ ሥራውን ያስቆማል። የወገኑ አባት ኤሪትሮማይሲን ነው፤ መነሻው ከፊሊፒንስ፣ ከኢሎኢሎ አካባቢ የተወሰደ አፈር ነው። አቤላርዶ አጊላር የተባለ ፊሊፒናዊ ሐኪም በ1949 ናሙናውን ወደ አሜሪካ ላከ፤ በ1952 መድኃኒቱ ገበያ ላይ ዋለ። ይሠራል፤ ግን በቀን እስከ 4 ጊዜ መውሰድ ይጠይቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል። ገና በተወለዱ ሕፃናት ላይ የጨጓራን መውጫ ከሚያጠብ ሕመም ጋርም ስለሚያያዝ ለእነሱ በከፍተኛ ጥንቃቄ ካልሆነ አይሰጥም። በ1980 ፕሊቫ በተባለው የዛግሬብ መድኃኒት ፋብሪካ የሚሠሩ ኬሚስቶች ኤሪትሮማይሲንን ለውጠው አዚትሮማይሲንን ፈጠሩ። ይህኛው የጨጓራን አሲድ ይቋቋማል፣ ሰውነት ውስጥም ለቀናት ይቆያል፤ ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ክላሪትሮማይሲንም የዚሁ ወገን ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ልጃችሁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ካርባማዜፒን የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሩ ክላሪትሮማይሲንም ሆነ ኤሪትሮማይሲን እንዳትጀምሩለት፤ የሚጥል በሽታው መድኃኒት በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ይጠራቀማል።

እስቲ የአዚትሮማይሲኑን ጠርሙስ ቀረብ ብለን እንየው። ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በታዘዘው ልክ ይጨመርበታል፣ በደንብ ይበጠበጣል፤ ጠርሙሱ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 200 ሚሊ ግራም መድኃኒት የሚይዘው ዓይነት ነው እንበል። ልጁ 16 ኪሎ ይመዝናል። የተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ለ4 ቀናት በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን 160 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 4 ሚሊ ሊትር፤ ከዚያ በየቀኑ 2 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። በአምስት ቀን ያለቀው 12 ሚሊ ሊትር ነው። ሌላ ሐኪም ደግሞ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ለ3 ቀን ብቻ ቢያዝ ድምሩ እዚያው 12 ላይ ይወድቃል። “ያኛው ሐኪም አምስት ቀን አለኝ፤ ይኼኛው ሦስት ቀን አለኝ፤ ማንን ልመን?” የምትሉ፣ ልጁ የሚወስደው አጠቃላይ መጠን ያው ነው።

ጠርሙሱ ግን ብዙ ጊዜ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሊትር ይተርፋል። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ያ ትርፍ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከወር በኋላ ታናሽ ልጅ ሲያስል ይወጣል፣ ወይም ለጎረቤት ይሰጣል። የተበጠበጠ ሽሮፕ ከጥቂት ቀናት በላይ አቅሙን አይጠብቅም፤ 3 ሚሊ ሊትርም ለአብዛኛው ልጅ ሙሉ ሕክምና አይሆንም። ጀርሙን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስተዋውቀዋል። የሻይ ማንኪያም አንድ ዓይነት ልክ የለውምና በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ወይም ከጠርሙሱ ጋር በመጣው መለኪያ ስጡ፤ የተረፈውን ወደ መድኃኒት ቤቱ መልሱ።

ሁለተኛው ወገን ቴትራሳይክሊን ነው። ከመካከሉ ለታይፈስ ሕክምና ጭምር የምናውቀው ዶክሲሳይክሊን በማይኮፕላዝማ ላይ በደንብ ይሠራል። ለረዥም ዘመን ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም ነበር፤ ምክንያቱም የቀድሞዎቹ ቴትራሳይክሊኖች በማደግ ላይ ያለን ጥርስ ያበልዛሉ። ዶክሲሳይክሊን ግን ከካልሲየም ጋር የሚያያዘው ከእነሱ ባነሰ መጠን ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ እስከ 21 ቀን ለሚደርስ አጭር ሕክምና በማንኛውም ዕድሜ ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል። ብዙ ሐኪሞች ግን ሌላ አማራጭ ካለ ለትንንሾቹ ዛሬም ያንን ያስቀድማሉ። የሚወስደው ልጅ በብዙ ውኃ ይዋጠው፤ ወዲያው አይተኛ፣ ጉሮሮው ላይ ከቆመ ያቆስላል። በሕክምናው ቀናት ፀሐይም ቶሎ ያቃጥለዋል።

ሦስተኛው ወገን ፍሎሮኪኖሎን ነው፤ ሌቮፍሎክሳሲን ከእነሱ አንዱ ነው። ሌሎቹ ሳይሠሩ ሲቀሩ ብቻ የሚነሣ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ በመገጣጠሚያና በጅማት ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት አንዱ ምክንያት ነው። ለእኛ አገር ለኢትዮጵያ ግን ከዚህ የባሰ ምክንያት አለ። ሌቮፍሎክሳሲን መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጥ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስልን ልጅ ማይኮፕላዝማ ነው ብሎ በእሱ ማከም፣ ነገሩ ነቀርሳ ከሆነ፣ ምልክቱን ለጊዜው ያዳፍነዋል፤ ምርመራውን ያዘገያል፤ ነቀርሳውን ደግሞ መድኃኒት ያላምደዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? በአገራችን ሳሉ ከ2 ሳምንት ያለፈ ልጅ፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ቤት ውስጥ የነቀርሳ ሕመምተኛ ያለበት ልጅ፣ ከማንኛውም ግምት በፊት ለነቀርሳ ይመርመር።

ስለ መድኃኒት መላመድ ጥቂት ልበል። ማክሮላይድን የተላመደ ማይኮፕላዝማ ከ2000 ጀምሮ በጃፓን ከሕመምተኞች ይገኝ ጀመር። በቻይና ከ10 ሕመምተኛ ልጆች ከ8 በላይ የሚሆኑት የተላመደውን ዓይነት እንደያዙ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በአሜሪካ ቁጥሩ ከ10 በመቶ በታች ነው። ይህን ያህል ለውጥ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው እጅግ ጥቃቅን ነገር ነው፤ መድኃኒቱ በሚያርፍበት የሪቦዞም ክፍል፣ 2063ኛው ቦታ ላይ ያለ አንድ የዘር ፊደል መቀየር ብቻ። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች ይህን ክፍል በበርካታ ቅጂ ስለሚይዙ አንዱ ቢቀየር ሌላው ይቀራል። ማይኮፕላዝማ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ አንዷ ፊደል ከተቀየረች አዚትሮማይሲን የሚይዘው ቦታ ያጣል። በጃፓንና በቻይና ያሉ ሐኪሞች ማክሮላይድ በጀመሩ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ካልበረደ ወደ ዶክሲሳይክሊን ወገን የሚዞሩት ለዚህ ነው።

በእኛ አገር አዚትሮማይሲን ከሌላው ዓለም የተለየ ታሪክ አለው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በትራኮማ ዘመቻ ነው። ቁመታችን ምልክት ባለው ዘንግ እየተለካ፣ ከቤት ቤት፣ ከቀበሌ ቀበሌ ሲታደል አይተናል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በመንደሮች ላይ በዕጣ የተካሄደ ጥናት ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ነው፤ መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሁለተኛው በዓመቱ መጣ። ልጆች በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን በወሰዱባቸው መንደሮች፣ አዚትሮማይሲንን የተላመደ የሳንባ ምች ዋና አምጪ ጀርም አፍንጫቸው ውስጥ የተገኘባቸው ልጆች ድርሻ በአንድ ዓመት ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ ወጣ። ይህ ማይኮፕላዝማ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ግን ለማይኮፕላዝማ የምንመካበት ያው መድኃኒት ነው። ዓይንን ከመታወር፣ ልጅን ከሞት ያዳነ ዘመቻ ነውና ዘመቻውን አልነቅፍም። በባለሙያ ቁጥጥር ሲሰጥ እንኳ ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ በየመድኃኒት ቤቱ ያለማዘዣ ሲሸጥ ምን እንደሚያደርስ ግን አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት አሞክሲሲሊንንና ዶክሲሳይክሊንን በሰፊው ሊሰጡ ከሚገባቸው፣ አዚትሮማይሲንን ግን በቁጥብነት ሊሰጡ ከሚገባቸው መድኃኒቶች ተርታ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም።

“ታዲያ ለልጄ ከመጀመሪያው ለምን አሞክሲሲሊን ይሰጡኛል? ማይኮፕላዝማን አይገድልም አላልክም ወይ?” የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በሳንባ ምች የሚገድለው በዋናነት ማይኮፕላዝማ አይደለም፤ ግድግዳ ያላቸው ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ በአጭር ጊዜ ሊገድሉ ይችላሉ፤ አሞክሲሲሊን ደግሞ ይመታቸዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጤና ኬላ ውስጥ የልጁን ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ የምትቆጥረው ለዚህ ነው፤ ከ2 ወር እስከ ዓመት ላልሞላው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሚበጠበጠውን የአሞክሲሲሊን እንክብል ትሰጣለች። በፔንታቫለንትና በኒሞኮካል ክትባት የምንከላከለውም እነዚሁኑ ገዳዮች ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የሚገድለውን አስቀድሞ መምታት፣ ልጁን በ3ኛው ቀን ማየት፣ ካልተሻለው ደግሞ እንደገና ማሰብ። ልጁ ተማሪ ከሆነ፣ ሕመሙ ቀስ ብሎ ከመጣ፣ ቤት ውስጥም በየተራ ካሳለ ሐኪሙ ማክሮላይድ የሚጨምረው ወይም የሚተካው ያኔ ነው።

በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ግን የምንሰማው ሌላ ነው። እናት ባዶ ጠርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ “ወንድሜ፣ ይሄ ምንም አልሠራለትም፤ እባክህ ጠንከር ያለውን ስጠኝ” ትላለች። ባለሙያው ያለማዘዣ አዚትሮማይሲን ያወርድላታል፤ ወይም ወደ ሰፈር ክሊኒክ ሄዳ ሴፍትሪያክሶን ታስወጋለች። ልጁ በአምስተኛው ቀን ከተሻለው ምስጋናውን መርፌው ይወስዳል። የሕመሙ ጊዜ አልቆ ይሆናል፣ ቫይረስ ሆኖ በራሱ ለቆት ይሆናል፤ ይህን የሚጠይቅ የለም። ካልተሻለው ደግሞ ቀጣዩ ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ነገር ልጠይቅ።

መድኃኒት ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ “ጠንከር ያለ” የምትላችሁን እናት መድኃኒት ከማውረዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቋት፤ “ከጀመረው ስንት ቀኑ ነው? መልሰሽ አሳይተሽዋል?” መልሷ “ሦስት ቀኑ ነው፤ አላሳየሁም” ከሆነ የምትሸጡላት ነገር የለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት።

መምህራን፣ ክፍላችሁ ውስጥ በየተራ የሚያስሉ ልጆች ሲበዙ መስኮት ክፈቱ፣ እጅ አስታጥቡ፣ ለወላጆች ንገሩ። ለማይኮፕላዝማ ክትባት የለውም፤ መከላከያችን ይኼው ነው።

ወላጆች፣ የጀመራችሁትን መድኃኒት ትኩሳቱ ስለበረደ አታቋርጡ፤ የተረፈውን አታስቀምጡ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሦስተኛውን ቀን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ግን ቀጠሮውን አክብሩ። ሐኪሙ “በሦስተኛው ቀን አምጪው” ሲል ከማዘዣው የማይተናነስ ነገር ጽፎላችኋልና፣ ልጁ የተሻለው ቢመስላችሁም ይዛችሁት ሂዱ።